ጉልቻው ሲነሣ፦ በደባርቅ ደጋ እሳቱን ምን ይተካው?

በሦስት ጉልቻ መሐል የሚነድ እሳት ማገዶ ይፈጃል፣ ቤቱን በጭስ ይሞላል፣ የምትጋግረውን ሴት ዓይን ያቃጥላል። መተካት አለበት በሚለው ላይ ተከራካሪ የለም ማለት ይቻላል። ክርክሩ በምን ይተካ የሚለው ላይ ነው፤ ለዚህም ላለፉት 40 ዓመታት ያህል ከሸክላና ከሲሚንቶ ምድጃ እስከ ኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ መልስ ቀርቧል። መልሶቹ የተመዘኑት ግን በአብዛኛው በአንድ ሚዛን ነው፤ ይህን ያህል እንጀራ ለመጋገር ስንት ኪሎ እንጨት ነደደ? ለአዳማ ወይም ለባሕር ዳር ሚዛኑ ብዙም ላይከፋ ይችላል። ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ለተቀመጠችው ደባርቅ፣ ዝቅ ብላ ለምትገኘው ዳባት፣ ከሁለቱም በላይ ወደ ሳንቃበርና ወደ ግጭ ለሚወጣው አገር ግን ጎዶሎ ነው። እዚያ እሳት የሚነደው ለማብሰል ብቻ ሳይሆን ለመሞቅም ነው፤ አንዱን ሥራ ብቻ የሚሠራ ዕቃ ሲገባ ሌላው ሥራ ባለቤት ያጣል።

እሳቱ ምን ምን ይሠራል?

በሰሜን ደጋ ነባሩ ቤት ክብ ነው፤ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ ወይም ድንጋይ፣ ክዳኑ ሣር። ከብቱ ማታ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራል፤ ሰው መደብ ወይም ቆጥ ላይ ይተኛል። መስኮት ከነጭራሹ የለውም፣ ካለውም ጠባብ ነው። የከብቱ ትንፋሽ፣ የሣር ክዳኑና የምድጃው ፍም ተጋግዘው ሌሊቱን ያሳልፋሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ በሚያድርበት ወቅት ግጭና ጨነቅ አካባቢ ውርጭ ይጥላል፤ ነባሩ የአየር ጠባይ አከፋፈል ከደጋ በላይ ያለውን አገር ራሱን ውርጭ ብሎ መጥራቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

በዚህ እሳት እንጀራና ዳቦ ይጋገራል፣ ሽሮና ድንች ይበስላል፣ ገብስ ለቆሎና ለበሶ ይቆላል፣ ለጠላ የሚሆን አሻሮ ይታመሳል። ከምግቡ ሌላ ቤት ይሞቃል፣ ዝናብ የመታው ልብስ ይደርቃል፣ የእግር ውሃ ለብ ይላል። ጭሱም ቢሆን ሥራ ፈት አይደለም፤ የሣር ክዳኑን ከነፍሳት ይጠብቃል፣ ጣሪያው ሥር የተንጠለጠለውን ዘርና ቋንጣ ያደርቃል። ቀድሞ ብርሃንም የሚገኘው ከዚሁ ነበር። ይህ አንዱ ሥራ በኩራዝ፣ ቀጥሎም በሶላር መብራት ተተክቶ ከምድጃው ተለይቷል፤ ማንም አልተቸገረበትም። የሌሎቹ መለየት እንዲህ የማይቀልበት ምክንያት አለ።

ከፍታው ራሱ ማብሰሉን ያከብደዋል። ደባርቅ ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ 3,600 ሜትር ላይ ባለው ግጭ ደግሞ በ88። ስለዚህ ባቄላና የገብስ ንፍሮ እዚህ ከቆላው የበለጠ ሰዓት እሳት ላይ ይቆያሉ። እንጀራ በፈላ ውሃ ሳይሆን በጋለ ምጣድ ስለሚበስል ከፍታው ያን ያህል አይጎዳውም። አንድን ምድጃ በምጣድ ፈትኖ ለደጋ ማድ ቤት ይሆናል ማለት ድስቱን መርሳት ነው።

ሦስት ጉልቻ ከሚነደው ማገዶ ለማብሰያ የሚያውለው ሙቀት እንደ አነዳዱ ከ5 እስከ 15 በመቶ ነው ይባላል። የቀረው በምድጃ መሐንዲሶች ቋንቋ ብክነት ነው። ከዚህ ብክነት ከፊሉ ከጭሱ ጋር በጣሪያው ይወጣል፤ ከፊሉ ደግሞ ፍሙን ከበው የተቀመጡ ሰዎችን፣ የጭቃውን ግድግዳና መደቡን ያሞቃል። የመጀመሪያው በእርግጥ ብክነት ነው። ሁለተኛውን ብክነት ብሎ መጥራት የሚችለው የማይበርደው ሰው ነው።

ማገዶው ከየት ይመጣል?

የተራራው ደጋ አስታ፣ ጽድ፣ ኮሶና ወይራ ነበረው፤ ዛሬም አስታው በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሰፊ ቦታ ይዟል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ፣ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፣ በ2017 ከዝርዝሩ ወጣ። በመሐሉ የእርሻ፣ የግጦሽና የሰፈራ ጫናን የመቀነስ ረጅም ሥራ ነበር፤ የግጭ ነዋሪዎች ከአምባቸው ተነሥተው ወደ ደባርቅ የወረዱትም በዚሁ ምክንያት ነው። ከፓርኩ ወገን ለሚያይ ሰው እንግዲህ የምድጃ ጥያቄ የአስታ ጥያቄ ነው፤ ያልነደደ አስታ ለዋልያም ለአፈሩም ይተርፋል።

ከፓርኩ ውጭ ያለው ገበሬ ቤት ሒሳቡ ሌላ ነው። በምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ የገባው ባሕር ዛፍ ከደባርቅና ከዳባት ዙሪያ ዛሬ የማይታይበት ቦታ ጥቂት ነው፤ ግን ግንዱ ገንዘብ ነው። ለቤት ማገርና ለአጣና ይሸጣል፣ ለቤት የሚቀረው ቅጠሉና ጭራሮው ነው። ጉድለቱን የሚሞላው ኩበት ነው። የዓለም ባንኩ ባለሙያ ኬነዝ ኒውኮም በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ያነሡት ክርክር እዚህ ላይ ያርፋል፤ በኢትዮጵያ ደጋ ምድጃ የገባ ኩበት ከማሳ የቀረ ፍግ ነው፣ ስለዚህ ማገዶ መትከል እህል ማምረት ነው። ክርክሩ ለብዙ ዓመታት የደን ፕሮጀክቶች መነሻ ሆኖ አገልግሏል። በኋላ በአማራ ክልል የተደረጉ የኢኮኖሚ ጥናቶች ነገሩ በየቤቱ እንደሚለያይ አሳይተዋል፤ የከብት ብዛት፣ የማሳ ርቀትና የሠራተኛ እጅ ኩበቱ ወዴት እንደሚሄድ ይወስናሉ። ኩበት ቆጣቢ ምድጃ የገባበት ቤት የተረፈውን ማሳ ላይ ካልበተነው፣ ወይም ገበያ አውጥቶ ከሸጠው፣ ለገብሱ የሚተርፈው ነገር የለም። አስታ መቆጠብና ኩበት መቆጠብ በአንድ ሪፖርት በአንድ ቁጥር ቢጻፉም የተለያዩ ጥቅሞች ናቸው።

ከቡራዩ እስከ ትክክል

የተሻሻለ ምድጃ በኢትዮጵያ በደርግ ዘመን በቡራዩ መሠረታዊ ቴክኖሎጂ ማዕከል ከተሞከሩት የሸክላ ምድጃዎች ጀምሮ ታሪክ አለው። ትልቁ እርምጃ የመጣው በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ነው። የኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል በዓለም ባንክ በተደገፈ ፕሮጀክት ሁለት ዕቃ አወጣ፤ ለእንጀራ ምርጥ፣ ለከሰል ላቀች። ላቀች የኬንያ ጂኮ ዘመድ ናት፤ ቆርቆሮ ውጭ፣ ሸክላ ውስጥ። ምርጥ ግን የእንጀራ አገር ፈጠራ ነው። በሲሚንቶና በቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር ተቦክቶ በቅርጽ የሚወጣ ሲሆን፣ አራት ክፍሎች ተገጣጥመው ምጣዱን ይከባሉ፣ ሌሎች ሁለት ክፍሎች ደግሞ ከኋላ ሆነው ከምጣዱ ሥር በሚወጣው ትኩስ ጭስ ላይ ድስት ወይም የውሃ ዕቃ ያስቀምጣሉ። ይህን የኋላ ማስቀመጫ አንባቢ ልብ ይበለው፤ ከታች እንመለስበታለን።

የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምርጥን ለግል አምራቾች እያስተማረ አስፋፋው፤ ለወጥ የሚሆነው ትክክል፣ ከሸክላ የሚሠራው ጎንዜም ተጨመሩ። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የአየር ንብረት ለውጥን የማይበግር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ቆጣቢ ምድጃን ቅድሚያ ከሰጣቸው አራት ሥራዎች አንዱ አደረገው። ሆኖም በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው የዓለም ባንክ የኃይል አቅርቦት ጥናት ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው ቤተሰብ ያኔም በሦስት ጉልቻ እንደሚያበስል አገኘ። ስርጭቱን ያዘገየው ዋጋ ነው የሚሉ አሉ፣ ከባድና ተሰባሪ ዕቃን በአህያ መንገድ ማድረስ ነው የሚሉም አሉ። ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ የሚነሣው እንደ ተጠቃሚ ልማድ ሆኖ ነው፤ ምርጥ የገባባት ቤት ጉልቻውን አታነሣም። ምርጡ ከአንዱ ጥግ፣ ጉልቻው ከሌላው ይቀመጣሉ።

ስንት ይቆጥባል?

ለምርጥ የሚነገረው የተለመደ ቁጥር እስከ 50 በመቶ የሚደርስ የማገዶ ቁጠባ ነው፤ ይህ የቤተ ሙከራ ቁጥር ነው። በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ 504 ቤተሰቦችን ያካተተውና በኢትዮጵያና በውጭ ተመራማሪዎች የተካሄደው ጥናት ሴቶች በራሳቸው ቤት፣ በራሳቸው ሊጥ ሲጋግሩ መዝኖ ከ22 እስከ 31 በመቶ ቁጠባ አገኘ፤ የመጋገሪያው ጊዜም ያን ያህል አልረዘመም። በዚሁ ሥራ ላይ የተመሠረተው ግምት አንድ ምርጥ በዓመት ወደ 634 ኪሎ እንጨት ያድናል ይላል።

እነዚህ ቁጥሮች አይጣሉም፤ የሚለኩት ነገር የተለያየ ነው። የቤተ ሙከራው መለኪያ ምድጃውን ይለካል። የተቆጣጠረ የማብሰል ፈተና ምድጃውንና ጋጋሪዋን ይለካል። ሦስተኛው ዓይነት፣ ማለትም የቤቱን ጠቅላላ ማገዶ ለቀናት የሚመዝነው፣ ቤቱን ይለካል። ለደጋው ወሳኙ ይህ ሦስተኛው ነው፤ ከምጣዱ የዳነው እንጨት ማታ ለመሞቅ ጉልቻው ላይ ከነደደ በሁለተኛው ፈተና ቁጠባ፣ በሦስተኛው ምንም ይሆናል።

634 ኪሎውን ለዓመቱ ቀናት ብናካፍለው በቀን 1.7 ኪሎ ግድም ነው። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ሲነድ 4 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት ስለሚሰጥ፣ በአማካይ በቀን 7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ከቤቱ ቀርቷል ማለት ነው። በጣሪያ የሚወጣውን ግማሹን እንኳ ብንቀንስ፣ የቀረው አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለሦስት ሰዓት ከሚሰጠው አያንስም። በሆሳዕና ወይም በጎንደር ከተማ ይህ ትርፍ ነው። በጥር ወር ደባርቅ ላይ ቤተሰቡ ቀድሞ በነጻ የሚያገኘውን ከሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።

የካርቦን ገበያው ይህን ልዩነት አያይም፣ ወይም ላለማየት ምክንያት አለው። ለምድጃ የሚሸጠው የካርቦን ክሬዲት ምድጃው ምን ያህል ጥቅም ላይ እንደዋለና አሮጌው እንደቀረ በሚገመት ግምት ላይ ይቆማል። በ2024 እ.ኤ.አ. በኔቸር ሰስቴነቢሊቲ መጽሔት የወጣ ጥናት የመረመራቸው የምድጃ ፕሮጀክቶች ከእውነተኛው ቅነሳ ወደ ዘጠኝ እጥፍ የሚጠጋ ክሬዲት እንደሰጡ ደምድሟል። አዘጋጆቹ ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የጉልቻው አለመነሣት ነው።

ሳንባና ጭስ

ስለ ጤና ያለው ማስረጃ ከብዙ ሰው ግምት ያነሰ ነው፤ ይህን ማለት ጭስ አይጎዳም ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ከ2.5 ማይክሮን በታች ለሆኑ ብናኞች የዓመት አማካዩን በሜትር ኩብ 5 ማይክሮግራም አድርጎ አውርዶታል፤ ጉልቻ ያለበት ማድ ቤት ሲጋገር ከዚያ በመቶዎች እጥፍ ያልፋል። ጥያቄው ምን ያህል ቢቀንስ ሕፃን ከመታመም ይድናል የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ የተካሄደው በጓቲማላ ደጋ ነው። ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ የሕፃናቱን ለጭስ መጋለጥ በግማሽ ቢቀንስም፣ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት ለሳንባ ምች በጠቅላላው ያሳየው ቅነሳ በስታቲስቲክስ ሚዛን በቂ አልነበረም፤ ለከባዱ የሳንባ ምች ግን ቀንሶ ተገኘ። በማላዊ 10,750 ሕፃናትን የተከታተለው ሙከራ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ በተሻሻለው የማገዶ ምድጃና በነባሩ መካከል ልዩነት አላገኘም። በእኛው ክልል፣ በሜጫ ወረዳ ወደ 5,500 ሕፃናት የተካተቱበት ሙከራ በ2021 እ.ኤ.አ. ታትሞ ተመሳሳይ ነገር ተናገረ፤ የተሻሻለው የእንጀራ ምድጃ የታችኛውን የመተንፈሻ ክፍል በሽታ በሚታመን መጠን አልቀነሰም። ቀጥሎም በጓቲማላ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በሩዋንዳ 3,200 ነፍሰ ጡሮች በተካተቱበት ሙከራ ለግማሾቹ የሲሊንደር ጋዝ በነጻ ተሰጥቷቸው የብናኙ መጠን ወደ ሲሦው ወረደ፤ የሕፃናቱ የልደት ክብደትም፣ የሳንባ ምቹም ግን አልተለወጠም።

ከዚህ ሁለት ንባብ ወጥቷል። አንደኛው ወገን፣ ጭስና በሽታ የሚያያዙበት መስመር ከላይ ጠፍጣፋ ነው ይላል፤ እጅግ ብዙ ከነበረው ጭስ ግማሹ ቢወገድ ሳንባው ልዩነቱን አያየውም፣ ጥቅሙ የሚመጣው ጨርሶ ንጹሕ ሲሆን ነው። ስለዚህ የማገዶ ምድጃ ማሻሻል ጊዜ ማባከን ነው፣ በቀጥታ ወደ ጋዝና ኤሌክትሪክ። ሌላው ወገን የጋዙ ሙከራ ራሱ ይህን ተስፋ አላረጋገጠም ብሎ ይመልሳል፤ ከቤት ውጭ ያለ ጭስ፣ ምግብ፣ ክትባት፣ የቤት ጥበት አብረው ይሠራሉ። ሁለተኛው ንባብ የበለጠ ሐቀኛ ይመስላል። ሁለቱም ግን ብርድን አያነሡም። ሜጫ ከደባርቅ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ይላል፤ እዚያ የተገኘ ውጤት ጭሱ ሲቀንስ ሌሊቱም አብሮ ስለሚቀዘቅዝበት ቤት አይናገርም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ስለ ቤትና ጤና ባወጣው መመሪያ በብርድ ወቅት ቤት ውስጥ 18 ዲግሪ እንዲኖር መክሯል። የደባርቅ ጭቃ ቤት ንጋት ላይ ከዚያ በጣም ይወርዳል፤ አራስ ሕፃን ላለበት ቤት ደግሞ ብርድ እንደ ጭስ ሁሉ ለሳንባ ጠላት ነው።

አንድ እሳት ለሁለት ሥራ

ይህ ችግር የደጋችን ብቻ አይደለም። በብሪታንያ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዙ ቤቶች ሳሎኑ ውስጥ የጋዝ እሳት ይገጠም ነበር፤ ከእሳቱ ኋላ፣ በአሮጌው ጭስ ማውጫ ውስጥ፣ ውሃና ቤቱን የሚያሞቅ ቦይለር ይደበቃል። እንግሊዝ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ የሚገጠም ቦይለር በአብዛኛው ከጭሱ ሙቀት መልሶ የሚቀዳ ዓይነት እንዲሆን ስታዝ፣ እንዲህ ያለው ዕቃ ቀስ በቀስ ከየቤቱ ወጣ። ሲተካ አንዱ ዕቃ ሁለት ይሆናል፤ ቦይለሩ ወደ ማድ ቤት ግድግዳ ይሄዳል፣ ሳሎኑ የራሱን ማሞቂያ ይፈልጋል፣ ባዶው ጭስ ማውጫ መደፈን ወይም አየር ማግኘት አለበት። ብቃቱ ጨመረ፤ ለቀረው የሳሎን ሙቀት ሌላ ወጪ መጣ።

ለእኛ ቀረብ የሚለው የኔፓል ምሳሌ ነው። ብርድ በሚበረታበት በጁምላ ወረዳ የካትማንዱ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የነደፉት የብረት ምድጃ ከመጀመሪያው ሦስት ሥራ ታስቦለት የተሠራ ነው፤ ያበስላል፣ በብረቱ ገላ ቤቱን ያሞቃል፣ በጎኑ በተገጠመው ዘጠኝ ሊትር ገደማ በሚይዝ ታንክ ውሃ ያፈላል፣ ጭሱ በቧንቧ ይወጣል። እዚህ ለምን አልመጣም? ብረቱ ውድ ነው፣ የሣር ክዳን ውስጥ የጋለ ቧንቧ ማሳለፍ ቤት ማቃጠል ነው፤ ከሁሉ በላይ 60 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ምጣድ አይችልም። የምርጥ የኋላ ማስቀመጫ የሚታወሰው እዚህ ላይ ነው። ከምጣዱ የሚያመልጠውን ሙቀት ውሃ ላይ ማሳረፍ ለአገሩ ዕቃ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። የሚቀረው ለሌሊት ሙቀት የሚይዝ አካል፣ ለምሳሌ ከመደቡ ጋር የተያያዘ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ፣ ጨምሮ መንደፍ ነው። ሰሜን ቻይና ውስጥ የምድጃ ጭስ በመኝታው ሥር እያለፈ የሚያሞቀው ካንግ ለዘመናት የሠራው ይህንኑ ነው።

ማስጠንቀቂያ የሚሆነው ደግሞ ኡላንባታር ነው። የሞንጎሊያ መንግሥት በ2019 እ.ኤ.አ. ግንቦት በዋና ከተማዋ ጥሬ የድንጋይ ከሰልን ከልክሎ የተጨመቀ ከሰል አከፋፈለ። የከተማዋ ጭስ ቀነሰ፤ በመጀመሪያው ክረምት ግን በካርቦን ሞኖክሳይድ የተመረዙና የሞቱ ሰዎች ነበሩ። ደባርቅ ላይ ይህ አደጋ ያለው በከሰል ማንደጃው ነው። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የምትኖር፣ ማድ ቤቷ ውጭ የሆነ ቤተሰብ ቡና የተፈላበትን ማንደጃ ማታ መኝታ ቤት ታስገባለች፤ በሩና መስኮቱ በብርዱ ምክንያት ይዘጋል። ከሰል ስለማያጨስ ንጹሕ ይመስላል፤ መርዙ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም። ጭስን ብቻ የሚቆጥር ፖሊሲ ይህን ቤተሰብ እንደ ተሻሻለ ቤት ይመዘግባታል።

መብራት፣ ጋዝ፣ እበት

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው አንድ ሰዓት ተኩል ለምትጋግር ቤት በወር 50 ኪሎዋት ሰዓት ግድም ይሆናል፤ ይህም በ2018 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ በጀመረው የታሪፍ ማሻሻያ እንኳ ዋጋው በ27 ሳንቲም ግድም ሳይነካ የቀረው የመጀመሪያ እርከን ልክ ነው። መጋገር ብቻውን እርከኑን ይሞላዋል። በዚህ ላይ አንድ ተኩል ኪሎዋት ማሞቂያ ማታ ማታ አራት ሰዓት ቢሠራ 180 ኪሎዋት ሰዓት ይጨመራል፤ በ2024 እ.ኤ.አ. መስከረም የተጀመረው አዲስ የታሪፍ ጭማሪ ደግሞ የበላዮቹን እርከኖች ይበልጥ ያከብዳል። የዓባይ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ሰጥቷል፤ ነገር ግን የመንደር ችግር ብዙ ጊዜ ማመንጫው ሳይሆን ትራንስፎርመሩና ምሰሶው ነው። ምጣድ ከሁሉም ቤት በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ሲሰካ የሚሆነውን የሰፈር ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ጋዝና ነጭ ጋዝ አጭር ምዕራፍ ናቸው። መንግሥት በ2001 ዓ.ም. የነዳጅ ድጎማውን ሲያነሣ የከተማው የነጭ ጋዝ ምድጃ ክብሩን አጣ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2014 እ.ኤ.አ. ነጭ ጋዝን ለቤት አልመከረም። የሲሊንደር ጋዝ ከአዲስ አበባ በራቀ ቁጥር ይወደዳል፣ ይጠፋል። የኦጋዴን ጋዝ ለደጋው ማድ ቤት መድረሱ ገና ወሬ ነው።

ባዮጋዝ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብሔራዊ ፕሮግራም ተስፋፍቷል፤ አማራ ክልልም ከመጀመሪያዎቹ አራት ክልሎች አንዱ ነበር። እበቱን ጋዝም ማዳበሪያም ስለሚያደርገው የኒውኮምን ክርክር በአንድ ጊዜ ይፈታል፤ በወረቀት ላይ ከሁሉ ያማረው መፍትሔ ይህ ነው። የደባርቅ ብርድ ግን ጠላቱ ነው። ሚቴን የሚያመርቱት ረቂቅ ተሕዋስያን ከ15 ዲግሪ በታች ይዘገያሉ፣ ከ10 በታች ሊያቆሙ ይቃረባሉ። ጋዙ የሚቀንሰው ሙቀት በሚፈለግበት ወራት ነው፤ ለምጣድም ብዙ ጊዜ አቅም ያጥረዋል።

ቤቱ ይቅደም ወይስ ምድጃው?

እስካሁን የተነሡት አቋሞች ሁሉ እሳቱን ይመለከታሉ። ሌላው አቋም እሳቱን ትቶ ጣሪያውን ያያል፤ የዚህ አቋም ክብደት ገና የታወቀ አይመስልም። የሣር ክዳን ወፍራም ነው፣ ሙቀት ይይዛል፣ ጭሱን እያጣራ ያስወጣል። ቆርቆሮ ከእሳትና ከዝናብ ይሻላል፤ ሌሊት ግን ሙቀቱን በቀጥታ ለሰማይ ይሰጣል፣ ጭሱንም ያፍናል። ከሣር ወደ ቆርቆሮ የተሻገረ ቤት ኮርኒስ ካልተሠራለት ሁለቱንም አጣ ማለት ነው፤ ለአንድ ዓይነት ሙቀት የበለጠ ማገዶ ያነዳል፣ በበለጠ ጭስም ይኖራል። በዚህ ዓይን ደባርቅ ላይ የሚወጣ የመጀመሪያ ብር ለምድጃ ሳይሆን ለኮርኒስ መዋል አለበት። ኮርኒሱ ሲገባ ደግሞ ጉልቻው ቤት ውስጥ መቆየት አይችልም፤ ጭሱ መውጫ ስለሌለው። ሁለቱ ለውጦች ተያይዘው ካልመጡ አንዱ ሌላውን ያበላሻል፤ የጤና ቢሮ፣ የኢነርጂ ቢሮና የቤት ልማት በጀት ግን በሦስት መዝገብ ነው የሚቀመጡት።

ለሁሉም ቤት አንድ መልስ የሌለውም ለዚህ ነው። ከግጭ በታች ባለች የሣር ጎጆ፣ ማድ ቤቱና መኝታው አንድ በሆነበት፣ ምድጃው ሙቀት እስካልያዘ ድረስ ጉልቻው አይነሣም፤ ማስነሣትም አይገባም። ዳባት ውስጥ ማድ ቤቷ ከመኝታዋ ለተለየ ቤት ግን ምርጥም ኤሌክትሪክ ምጣድም ሙቀት አይቀሟትም፤ ከመጀመሪያውም ያ ሙቀት የሚባክነው ማድ ቤት ውስጥ ነበርና። እዚያ የሚቀረው የማንደጃው ጥያቄ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዳባት ላይ ልደትን፣ ሞትንና በሽታን በየቤቱ የሚከታተልበት ማዕከል አለው፤ የቤቱን የሌሊት ሙቀት ከጭሱ ጎን ለጎን የሚለካ ጥናት የት ይጀመር ቢባል ከዚያ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

ሦስተኛው ቤት ተከራዩ ነው፤ በአንድ ግቢ አራትና አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ የሚኖርበት። ኮርኒስ መሥራት የአከራዩ ነው፣ ብርዱ የተከራዩ። ምጣድ እንዳይሰካ ውል የሚገባበት ግቢ ብዙ ነው፤ ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ ማን ስንት እንደፈጀ አይለይም። ስለዚህ በከተማው ውስጥ ኤሌክትሪክ በደጃፏ እያለፈ በጭራሮ የምትጋግር ሴት አለች፤ እሷን የሚያግዳት የምድጃው ዋጋ ሳይሆን የግል ቆጣሪ ማጣት ነው። ቆጣሪ ለማስገባት ደግሞ የቤቱ ካርታ ይጠየቃል፤ ካርታው በአከራዩ እጅ ነው።